የጂማት ሒሳብና አመክንዮ ላስጠኑኝ መምህር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጂማትን የት ተማርሽ?» ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ደግሞም ሰውዬው በአደባባይ ሊመሰገኑ ይገባል።

ያስጠኑኝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱም። «ማስታወቂያ አልፈልግም፣ የፈለገ ይደውል» ነው ያሉኝ። ተማሪዎቻቸው በሙሉ «ጋሼ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም በዚያው ልቀጥል። የሚያስተምሩት አምስት ኪሎ አካባቢ ነው፣ በትንንሽ ቡድን፣ ቅዳሜና እሑድ።

ፈተናውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጂማት ብዙ የውጭ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) የሚጠይቁት መግቢያ ፈተና ነው። የአሁኑ ቅርጹ የመጣው በ2023 መጨረሻ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ ሒሳብ፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ንባብና አመክንዮ) እና ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃን መተንተን)። እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ናቸው። ሒሳቡ 21 ጥያቄ አለው፣ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ካልኩሌተር ደግሞ የለም። የሚፈቀደው በዳታ ኢንሳይትስ ብቻ ነው፣ እሱም ስክሪኑ ላይ ያለው። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። የእኔን ለምትጠይቁኝ፣ 655 ነው። ላመለከትኩበት በቂ ነበር።

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ። ቁጥር አልፈራም። ግን ዕድሜዬን በሙሉ ከኤክሴል ጋር ኖሬ 35ን በ16 በቃል አባዢ ስባል ምን ልበል? የጋሼ ክፍል የሚጀመረው በዚህ ነው። ወረቀት ሳይወጣ፣ ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ፣ ጥያቄ ይወረውራሉ። «የ480 15 ፐርሰንት?» አሥር ፐርሰንቱ 48፣ ግማሹ 24፣ ድምሩ 72። «35 በ16?» አንዱን እጥፍ፣ ሌላውን ግማሽ አድርጊው፦ 70 በ8፣ 560። «የ640 37.5 ፐርሰንት?» እዚህ ላይ ማባዛት የጀመረ ሰው ይሳቅበታል። 37.5 ፐርሰንት ማለት ከስምንት ሦስት እጅ ነው። 640 ለ8 ሲካፈል 80፣ በ3 ሲባዛ 240። አለቀ።

አንድ ቀን ደግሞ ይህችን ጣሉብን። አንድ ዕቃ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ተሸጠ፣ ቫቱ ስንት ነው? ባንክ የሚሠራ አንድ ልጅ ፈጠን ብሎ «172 ብር ከ50» አለ። የ1,150ን 15 ፐርሰንት ወስዶ ነው። ጋሼ ምንም አላሉም። «የማን 15 ፐርሰንት?» ብቻ አሉ። ልጁ ዝም አለ፣ ከዚያ ራሱ ሳቀ። ቫቱ የተሰላው ከመነሻው ዋጋ ላይ ነዋ! 1,150 ማለት 115 ፐርሰንቱ ነው፣ መነሻው 1,000 ነው፣ ቫቱም 150። ከዚያ በኋላ ፐርሰንት የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «የማን?» ይላል።

የእሳቸውን ችሎታ በደንብ ያየሁት ግን ዳታ ሰፊሸንሲ ላይ ነው። ይህ የጥያቄ ዓይነት መልሱን አውጡ አይልም። የተሰጣችሁ መረጃ መልሱን ለማውጣት ይበቃል ወይስ አይበቃም ብቻ ነው የሚለው። ለእኛ አገር ተማሪ ባዕድ ነው። እኛ የተማርነው አስልተን፣ ከመልሱ ሥር ሁለት ጊዜ አስምረን ማስረከብ ነው።

ቦርዱ ላይ እንዲህ ጻፉ። አንድ ልጅ 15 ብር የሚሸጥ እስክሪብቶና 40 ብር የሚሸጥ ደብተር ገዛ፣ ከሁለቱም ቢያንስ አንድ አንድ። ስንት እስክሪብቶ ገዛ? አንደኛ መረጃ፦ በጠቅላላው 150 ብር ከፍሏል። ሁለተኛ መረጃ፦ በጠቅላላው 5 ዕቃ ገዝቷል።

ሁላችንም ማለት ይቻላል «ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ» አልን። ሁለት የማይታወቅ ነገር አለ፣ ሁለት እኩልታ ያስፈልጋል፣ ዘጠነኛ ክፍል የተማርነው ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ደብተር በግማሽ ይሸጣል እንዴ?» አሉ።

አይሸጥም። እንግዲህ ሞክሩት። አንድ ደብተር ከገዛ 110 ብር ይቀረዋል፣ ያ ለ15 እኩል አይካፈልም። ሁለት ከገዛ 70 ይቀረዋል፣ እሱም አይካፈልም። ሦስት ከገዛ 30 ይቀራል፣ ሁለት እስክሪብቶ። አራት ከሆነ 150ውን ያልፋል። ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መረጃ ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛው ብቻውን አይበቃም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማለት ደግሞ ፈተናው ሆን ብሎ ያጠመደው ወጥመድ ነው።

በዚህ አላቆሙም። እስክሪብቶና ደብተሩን አጥፍተው ሽንኩርትና ቲማቲም አደረጉት፣ ዋጋው በኪሎ ያው። (15 ብር ሽንኩርት የት አለ ብሎ የሳቀ ነበር።) ሽንኩርት በግማሽም በሩብም ኪሎ ይመዘናል። አሁን 150 ብር መክፈሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም፣ 5 ኪሎ መሆኑም ያስፈልገናል። ቁጥሩ አንድ፣ ዕቃው ሌላ፣ መልሱም ሌላ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እኩልታውን ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ነው ወይስ የሚመዘን የሚለውን ነው።

ለክሪቲካል ሪዝኒንግ፣ ማለትም አጭር ክርክር ሰጥቶ ለሚያስመረምረው የጥያቄ ዓይነት፣ ያላቸው ዘዴ ደግሞ ያስቃል። እንደ ድሮው ችሎት «በላ ልበልሃ» ያስብሉናል። ሁለት ሰው ይቆማል፣ አንዱ ለመረጠው መልስ ይሟገታል፣ ሌላው ያፈርሳል። የድሮ ሰው በማር ወይ በበቅሎ ይወራረድ ነበር፣ እኛ በማኪያቶ። ለምሳሌ አንድ ባንክ ቅርንጫፉን ካደሰ በኋላ ተቀማጩ ጨመረ፣ ስለዚህ የጨመረው በእድሳቱ ነው ይላል ጽሑፉ። ይህን የሚያዳክመው ምንድን ነው? «እድሳቱ ብዙ ወጪ ጠይቋል» የሚለው ምርጫ ደህና ይመስላል፣ ግን ከክርክሩ ጋር አይገናኝም። «በዚያው ወቅት ያልታደሱት ቅርንጫፎችም በዚያው ልክ ጨምረዋል» የሚለው ነው ነገሩን የሚንደው። ቆመህ፣ ሰው እየሰማህ ስትሟገት የማይገናኘው ነገር ወዲያው ያሳፍርሃል። ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ከማንበብ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ልምምዱን የሚያስደርጉት ፈተና ጣቢያው ውስጥ በሚሰጠው ዓይነት ነው፣ በላሚኔት ሰሌዳና በማርከር። እርሳስና ላጲስ ክልክል ነው። አንድ ጥያቄ ላይ ሦስት ደቂቃ ካለፈህ ገምተህ እንድታልፍ ያስገድዱሃል፣ ምክንያቱም ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ውጤት ይጎትታል። ፈተናው በየክፍሉ መጨረሻ ሰዓት ከተረፈ እስከ 3 መልስ መቀየር ይፈቅዳል፣ ስለዚህ የተጠራጠርከውን ምልክት አድርገህ ሂድ ይላሉ።

የማይመቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ጥቆማ አይሆንም። ክፍሉ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ያረፈደ ውጭ ይጠብቃል። ቴሌግራም ላይ ፋይል ላኩልኝ ብትሏቸው አትድከሙ። የእንግሊዝኛ ንባቡን እንደ ሒሳቡ አያስተምሩም፣ እሳቸውም «ለእሱ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። ይህን በግልጽ መናገራቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከእሳቸው በፊት ዳጎስ ያለ ገንዘብ የከፈልኩበት ቦታ ሁሉንም እናስተምራለን ብሎ ያስታቀፈኝ የፒዲኤፍ ክምር ነበር።

ገንዘብ ሳታወጡ ራሳችሁን ለማየት ከፈለጋችሁ የፈተናው ባለቤት ጂማክ በድረ ገጹ ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ይሰጣል። ጋሼም ተማሪ ከመቀበላቸው በፊት አንዱን ሠርታችሁ እንድትመጡ ይፈልጋሉ፣ ሁለተኛውን ግን ለመጨረሻ አቆዩት። ፈተናው በዶላር የሚከፈል ስለሆነ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መግባት ያስቆጫል።

እዚሁ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ጋት የምትፈተኑም ሂዱ። ቡድናችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ነበሩ፣ የቁጥሩና የአመክንዮው ልምምድ ለእነሱም ሠርቷል።

ጋሼ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ታነብልዎታለች ብዬ አስባለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት አያነሱም። የትኛውን ፈተና፣ መቼ እንደምትፈተኑ ቁርጡን ይዛችሁ ደውሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ «ገና አልወሰንኩም» ካላችሁ «ስትወስኚ ደውዪ» ብለው ይዘጉታል።