ሉፕ ልታስገቢ ነው? የመዳቡን ወይስ የሆርሞኑን?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ሉፕ፣ እርግዝናን ለመከላከል ማህፀን ውስጥ ስለሚገባው ትንሽ መሣሪያ፣ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ። የወር አበባሽ እንዴት ነው? ይበዛብሻል? ያምሻል? ሁለቱን ሉፖች ከምንም በላይ የሚለያቸው ይሄ ነው። በመከላከል በኩል ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። በዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች የምታረግዘው ከአንድ በታች ናት።

የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን የለበትም። ትንሽ ፕላስቲክ ላይ መዳብ ተጠምጥሞበታል፤ መዳቡ የወንዱን ዘር ያዳክመዋል። እስከ 10 ዓመት ይሠራል። ጥንቃቄ ሳይደረግ ግንኙነት ከተፈጸመ በ5 ቀን ውስጥ ቢገባም እርግዝናን ይከላከላል። ጣጣው ደሙ ላይ ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባ ይበዛል፣ ይረዝማል፣ ቁርጠቱም ይብሳል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ይሻላቸዋል። ድሮም ደም ማነስ ያለባት ሴት ግን ቀድማ ትናገር። ድሬ ላይ ደም የሚያሳንሰው ወባም አለ፤ ወባ ደጋግሞ የጣላት ሴት የደሟን መጠን ሳትለካ ባትወስን ደስ ይለኛል።

የሆርሞኑ ሉፕ በዚህ በኩል ተቃራኒ ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ በጥቂቱ ይለቃል። እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 8 ዓመት ያገለግላል። መጀመሪያ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ደም ያመጣል። ከዚያ የወር አበባው ይቀንሳል፤ አንዳንዷ ጭራሽ ይቀርባታል። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው የሚጨነቁ አሉ። አልተጠራቀመም። የማህፀኑ ግድግዳ ስለሳሳ የሚወርድ ነገር የለም። ደም ለሚበዛባቸው እንደ ሕክምናም ይታዘዛል። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ግን አትጠቀመውም።

እዚህ ከተማ አንድ ነገር ሳይነሳ ይታለፋል። ሙስሊሟ ለሶላትና ለረመዳን፣ ኦርቶዶክሷ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የደም ቀኗን ትቆጥራለች። ሳይታሰብ የሚመጣ ደም ያስመርራል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ ከጾሙ ወራት ቀደም ብለሽ አስገቢው። ሰውነትሽ እስኪለምደው ጊዜ ታገኛለሽ።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ነው። የመዳቡ በቀላሉ ይገኛል። የሆርሞኑ ግን ሁሉም ጋ ስለሌለ፣ ሳቢያን ሰፈርም ሁኚ ከዚራ፣ ከመሄድሽ በፊት አጣሪ።

ማህፀኔ ውስጥ ምንም አይግባ የምትል ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ አለላት። እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይቆያል። የቲቢ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን አቅሙን ያዳክመዋል። ሉፖቹን አይነካም።

«ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል» የሚባለው ውሸት ነው። ሲገባ ማህፀን የመብሳት አጋጣሚ አለ፤ ግን ከ1,000 አንዴ ገደማ ነው። ከማህፀን ተገፍቶ መውጣቱ ከዚያ ይበልጣል፤ ከሉፑ ጫፍ ወደ ብልት የሚወርደው ክር ከጠፋብሽ ወይም ከረዘመብሽ ሄደሽ ታዪ። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። ከኤችአይቪም ሆነ ከአባላዘር በሽታ ሁለቱም አይከላከሉም፤ ለዚያ ኮንዶም ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የወር አበባሽ ቀላል ከሆነና ሆርሞን ካልፈለግሽ የመዳቡ ይበቃሻል። ከበዛብሽ ወይም ደም ማነስ ካለብሽ ግን ፍለጋው ቢያደክምሽም የሆርሞኑን እመርጥልሻለሁ። ካልተስማማሽ ዓመቱ እስኪሞላ መታገሥ የለብሽም፤ በፈለግሽ ቀን ይወጣልሻል፣ መውለዱም ወዲያው ይመለሳል።