ደብረ ብርሃን ላይ መሪና ፍሬን ያስመረመርንበት ጋራዥ

አገር ቤት ስመጣ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ደስ ብሎኝ የምመሰክርለት ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ነው። ሆቴሉም ሚኒባሱም ደህና ነበሩ፤ ብዙ የምለው የለኝም። የጋራዡን ነገር ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። አሮጌ መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

መኪናው የአጎቴ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው። ያው አገር የሚያውቀው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር ያለው። አጎቴ ከደብረ ብርሃን ድንችና ገብስ ጭነው ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሽንኩርትና ማሾ ይዘው ይወጣሉ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ እንዳለፋችሁ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ በደብረ ሲና አድርጋችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ነው የምትወርዱት። በዚህ መንገድ ላይ ፍሬኑ የሚያጠራጥር መኪና መንዳት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ችግሩ ሁለት ነበር። መሪው ከብዷል፣ በተለይ ቆሞ ሲጠመዘዝ ያጉረመርማል። ፍሬኑም ደርቋል፤ ይይዛል፣ ግን በሙሉ ጉልበት ካልተረገጠ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ ቦኔቱን ከፍቶ አየት አደረገና "ሰርቮውም የመሪው ፓምፕም ሞተዋል፣ ሁለቱም ይቀየሩ" አለ። አንድም ነገር ሳይለካ! (ሰርቮ የሚባለው ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ክፍል ነው።) የጠራው ዋጋ አጎቴን ቃል አሳጣቸው። እኔም ተናደድኩ። ሰው ሩቅ አገር ዘመድ አለው ሲባል ዋጋው ለምን እንደሚወጣ እስካሁን አይገባኝም።

የደብረ ብርሃኑ መካኒክ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ጠየቁ። ክብደቱ አንድ ቀን ነው የመጣው ወይስ ቀስ በቀስ? መሪው በሁለቱም በኩል እኩል ይከብዳል? የመሪ ዘይት በየስንት ጊዜው ትጨምራላችሁ? አጎቴ የመጨረሻዋን ሲመልሱ "በየሳምንቱ" አሉ። ሰውዬው ዝቅ ብለው ከመኪናው ሥር አዩ። መሬቱ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። "እንግዲህ ወዴት ይሄዳል?" አሉና የሞተሩን ዘይት መለኪያ መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። በጣታቸው መሐል አሽተው አሳዩኝ፤ ቀጥኗል፣ ቀላ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የመሪው ፓምፕ በቺንጋ አይዞርም። ከሞተሩ ጥርስ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የዘንጉ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያመልጥ የሚያግደው ላስቲክ) ሲያረጅ የመሪ ዘይት ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከሥር ምንም ስለማይታይ ሰው ዝም ብሎ ይጨምራል። የሞተሩ ዘይት ደግሞ በዚያ ልክ እየቀጠነ ሞተሩን ይጎዳል። ፓምፑ ራሱ ተፈትቶ ሲታይ ጤነኛ ነበር። የሚያጉረመርመው ዘይት አንሶት አየር ስለሚስብ ነው።

ወደ ፍሬኑ ሲመጡ "ልጄ፣ እስቲ ግቢና ቁጭ በይ" አሉኝ። ሞተሩ እንደጠፋ መርገጫውን ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫክዩም (አየር የተሳበበት ባዶነት) እንዲያልቅ። ከዚያ ረግጬ እንደያዝኩ ሞተሩን አስነሳሁ። መርገጫው በዚህ ጊዜ ከእግር ሥር ሸርተት ብሎ መውረድ አለበት። ወረደ፣ ግን ትንሽ። ቀጥሎ ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ አጥፍቼ ረገጥኩ። የመጀመሪያው ጠለቅ አለ፣ ሁለተኛው ከፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ከፍ አለ። በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ ረግጬ ይዤ አጠፋሁት። ለ30 ሰከንድ ያህል መርገጫው አልተነቃነቀም። ፊሽታም የለም። "ሰርቮው አየር አያስገባም፣ ላስቲኩ ደህና ነው። የሚደርሰው ቫክዩም ነው ያነሰው" አሉ። ቢቀየር ኖሮ አጎቴ ጤነኛውን ሰርቮ ጥለው፣ ችግሩ እንዳለ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በራሱ በቂ ቫክዩም ስለማይፈጥር እዚህ መኪና ላይ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ ፓምፕ አለች። መካኒኩ መለኪያቸውን መጀመሪያ ከፓምፗ ጋር አገናኙት፤ 500 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ) ገደማ አነበበ። ቀጥሎ ሰርቮው አጠገብ ቢለኩት 350። በመካከሉ ያለው ቱቦ ነው ማለት ነው። ማሰሪያውን ሲፈቱት ከሥሩ ቱቦው ተሰንጥቋል። ከውጭ በፍጹም አይታይም ነበር።

እዚህ ላይ እኔ የጠየቅኩትን እናንተም ሳትጠይቁ አትቀሩም። መመሪያዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ600 በላይ ነው፤ ታዲያ 500 እንዴት ደህና ይባላል? መልሳቸውን ወድጄዋለሁ። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 760 ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ራሱ 540 አካባቢ ብቻ ነው። ካለው አየር በላይ መሳብ አይቻልም። ሰርቮ ደግሞ የሚረዳን በአየሩ ግፊትና በቫክዩሙ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ጣርማ በር ላይ ጤነኛ ሰርቮም ቢሆን ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚሰጠው ያነሰ እገዛ ነው የሚሰጠው። ትንሽ ቀዳዳ ሲጨመርበት ፍሬኑ ወዲያው ይደርቃል።

አጎቴንም ቆጣ ብለው መከሯቸው። "ጋሼ፣ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተው በፎሌ አይውረዱ፤ ሞተርማ ጭራሽ እንዳያጠፉ" አሉ። ናፍጣ ለመቆጠብ የሚያጠፉ አሉ። ሞተር ጠፋ ማለት ሰርቮው ከሁለት ሦስት እርግጫ በኋላ ባዶ ይሆናል፣ መሪውም በዚያው ቅጽበት ይከብዳል። በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ሲወረድ ግን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፣ የቫክዩም ፓምፗም በደንብ ትሠራለች።

ቱቦው በዚያው ተቀየረ። ለኦይል ሲሉ ግን ተንከራተትን። ከተማው ውስጥ አንድ መለዋወጫ ቤት ኦሪጅናል ብሎ የሸጠልን ሲል ልኩ እንኳ አልገጠመም። ገንዘቡንም አልመለሰም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣልን። ከዚያ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነስተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ ዞረ። ዘይት ተጨመረ። ሞተር ተነስቶ አረፋው እስኪጠፋ እንደገና ዞረ። የሞተሩም ዘይት ከነፊልትሮው ተቀየረ። መሪውን ጫፍ ድረስ ጠምዝዘው እንዳይዙት አስጠንቅቀዋል፤ ፓምፑን ያግለዋል።

አሁን አጎቴ መሪውን በአንድ እጅ ያዞሩታል። ጠቅላላ ወጪው አዲስ አበባ ከተጠራብን ዋጋ ሩቡን አልሞላም።

የጋራዡ ጉድለት የለም አልልም። ጉድጓድ ስለሌላቸው ከሥር የሚሠራው ሁሉ መሬት ላይ ተተኝቶ ነው። ያ ብርድ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ለረዳቶቹ አዝኛለሁ። "ነገ ጠዋት ይደርሳል" የተባለው በሰዓቱ አልደረሰም፣ ደውለውም አላሳወቁንም። ደረሰኝም የሰጡን ከጠየቅን በኋላ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ፣ የሥራውን ዝርዝር በወረቀት አስጽፉ፣ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። እሳቸው ሲጠየቁ ያለ ምንም ቅሬታ ይሰጣሉ።