የትኛውን ቢትኮይን ሸጥክ?

አሜሪካ ውስጥ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) የሸጠ ሰው ትርፍና ኪሳራውን ፎርም 8949 በተባለው የግብር ቅጽ ያሳውቃል። ጣጣው ያለው መግዣ ዋጋው ላይ ነው።

አንድ ቢትኮይን በ10,000 ዶላር ገዛህ እንበል። ከዓመታት በኋላ ሌላ አንድ በ60,000 ጨመርክ። ከዚያ አንዱን በ50,000 ሸጥክ። የትኛውን?

«ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» ካልክ የሸጥከው አሮጌውን ነው፤ 40,000 ዶላር ትርፍ። ራስህ መርጠህ አዲሱን ከሸጥክ ግን 10,000 ከስረሃል። ሽያጩ እኮ ያው ነው! ኪሳራው ሌላ የካፒታል ትርፍህን (ንብረት ሸጠህ ያገኘኸውን ትርፍ) ያጣፋል። ከተረፈ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደሞዝህ ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ ቀሪው ለከርሞ ይተላለፋል።

የመጀመሪያው ስልት ብዙ ሥራ የለውም። ምንም ካልመረጥክ የሚሠራውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ይፈልጋል፦ የተገዛበት ቀንና ሰዓት፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የተሸጠበት። ምርጫውም ቢዘገይ በሽያጩ ሰዓት መመዝገብ አለበት። የግብር ሰሞን ቁጭ ብሎ «ያኛውን ነበር የሸጥኩት» ማለት አይሠራም። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ስሌቱ በየዋሌቱ (ክሪፕቶው በሚቀመጥበት በየዲጂታል ቦርሳው) ለየብቻ ነው። ከዚህኛው ዋሌት ሸጦ የወዲያኛውን መግዣ ዋጋ መዋስ ቀርቷል።

መዝገብ ለሚይዝ ሰው እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን አሮጌው ቢትኮይን ከነትርፉ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ግብሩ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። አሮጌውን መሸጥ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ፦ ከዓመት በላይ የቆየው ላይ የፌደራል ግብሩ 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ ሲሆን፣ ዓመት ያልሞላው ግን እንደ ደሞዝ ነው የሚቆጠረው።