ብርቱካናማ ሰደሪያ ለብሶ በር ለሚያንኳኳ ሰው ቶሎ አትፈርሙ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ ከመፈረሙ በፊት ቢያነበው ብዬ ነው። እኔ ፈርሜያለሁ፣ ገንዘቤም ሄዷል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ለወራት አጥቤና አጣጥፌ ያስረከብኩት ጠርሙስና ወረቀት ሁሉ ከተራ ቆሻሻ ጋር ሲጣል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ወጣት ቆሟል። የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደሪያ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል፣ ቅጽ ይዟል። ሰደሪያው የጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት ነው። «እትዬ፣ ስለ አካባቢው የቆሻሻ አገልግሎት ነው የመጣሁት» አለኝ። ከማዘጋጃ ቤት ነኝ አላለም። አይደለሁምም አላለም። የቀረውን እኔ ራሴ በልቤ ሞላሁት።

የሚለው ነገር ለጆሮ ይጥማል። አረንጓዴ ፌስታል ይሰጡናል። ካርቶኑን፣ ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ ፕላስቲኩን፣ ያለቀ ባትሪ ሳይቀር፣ ሳንለይ እዚያው እንጨምራለን። እነሱ ወስደው ይለዩታል። «መቶ በመቶ ሪሳይክል ይደረጋል» አለኝ። ፌስታሉም ራሱ በስብሶ አፈር ይሆናል። ክፍያው የአንድ ዓመት ቅድሚያ ነው፣ ዛሬ ለፈረመ ደግሞ ቅናሽ አለው። ሳመነታ «ጎረቤቶችዎ እኮ ፈርመዋል» አለኝና ፈረምኩ። በኋላ ጎረቤቴን ስጠይቃት፣ ለእሷም እኔ እንደፈረምኩ ነግሯት ነበር።

የነቃሁት አንድ ማለዳ በመስኮት ሳይ ነው። መኪናው መጣ። ሠራተኛው የእኔን አረንጓዴ ፌስታል በአንድ እጁ፣ የማዶውን ቤት ጥቁር ፌስታል በሌላው እጁ አነሳና ሁለቱንም አንድ አፍ ውስጥ ወረወራቸው። መጭመቂያው ሲወርድ የጠርሙሱ መሰባበር እስከ ቤቴ ተሰማኝ። ወርጄ ጠየቅኩት። «እኛ ማንሳት ብቻ ነው ሥራችን፣ እናቴ» አለኝ። በእሱ አልፈርድም። ድርጅቱ ጋ ደውዬ የት እንደሚወስዱት ብጠይቅ ግን «የውስጥ መረጃ ነው» ተባልኩ። ለቆሻሻዬ መድረሻ ከፍዬ መድረሻው የማይነገረኝ ከሆነ ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። ወደ ከተማው የጽዳት ክፍል ደወልኩ። ተለይቶ የተቀመጠ ጠርሙስ፣ ጣሳና ወረቀት ማንሳት ድሮም በምከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ውስጥ አለ። ለአንድ ሥራ ሁለቴ ከፍያለሁ ማለት ነው። ሁሉም ከተማ እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ከደጃፍ ያነሳል፣ አንዳንዱ የመሰብሰቢያ ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን ፈቃድ ላለው የግል ድርጅት ይሰጣል። ስለዚህ እናንተ ጋ የትኛው እንደሆነ ከራሱ ከከተማው ጠይቁ እንጂ በር ላይ ከቆመው ሰው አትጠይቁ። ይህ ድርጅት ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁም ጨምሩበት። እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች ፈቃድ ለሌለው ሰው ቆሻሻ ያስረከበ ባለቤት፣ ቆሻሻው ሜዳ ላይ ተደፍቶ ከተገኘ እሱም ሊቀጣ ይችላል።

አሁን ወደ ፌስታሉ ልመለስ፤ ትልቁ ውሸት እዚያ ላይ ነው። ድርጅቱ ቅን ቢሆን እንኳ «ሁሉንም አንድ ላይ ከታችሁ እሰሩት» የሚለው አሠራር ራሱ አያስኬድም። የተሰበረ ጠርሙስ ወረቀቱ ውስጥ ይሰገሰጋል። የጠርሙሱ ትርፍራፊ ፈሳሽ ካርቶኑን ያበሰብሰዋል። ዘይት የነካው ወረቀት ደግሞ ለወረቀት ፋብሪካ አይሆንም። ፌስታሉም ቆሻሻው በየዓይነቱ በሚለይበት የማጣሪያ ጣቢያ የሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ እየተጠመጠመ ማሽን ያስቆማል፤ ሠራተኞች ገብተው በቢላ እየቆረጡ ነው የሚያላቅቁት። ለዚህ ነው ብዙ ከተሞች «በፌስታል አታምጡ፣ ልቅ አድርጋችሁ ጨምሩ» የሚሉት። ታስሮ የመጣውን ብዙ ጊዜ ሳይፈቱ ይጥሉታል።

ባትሪውስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የስልክና የላፕቶፕ ሊትየም ባትሪ በመጭመቂያ ሲደፈጠጥ እሳት ያነሳል። የቆሻሻ መኪኖችና የማጣሪያ ጣቢያዎች በዚህ ምክንያት ተቃጥለዋል። ባትሪም ጨምሩ የሚላችሁ ሰው የዚያን ቆሻሻ የሚያነሳ ሠራተኛ ሕይወት ነው የሚያስይዘው። ባትሪ ለብቻው፣ ባትሪ ወደሚቀበል ቦታ ነው የሚሄደው።

በሬን ያንኳኳው ልጅ ለማሳመን የሻምፑ ዕቃ አንስቶ ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት አሳይቶኝ ነበር። «ይኸው፣ ሪሳይክል ይላል» አለኝ። አይልም። ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። 1 እና 2 ቁጥር በብዙ ቦታ ተቀባይ አላቸው። 6 ቁጥርን፣ ያንን እንደ አረፋ የሚነፋውን ጨምሮ፣ አብዛኛው ቦታ አይቀበልም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ ሪሳይክል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ «መቶ በመቶ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ቁጥር አስቡ። ጣሳ ግን ሌላ ነገር ነው። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማውጣት እስከ 95 በመቶ ያነሰ ኃይል ይፈልጋል። ጣሳችሁን እባካችሁ አትጣሉ።

«አፈር ይሆናል» የተባለውን ፌስታል እኔው ሞከርኩት። አንዱን አበባ መትከያ ውስጥ ቀበርኩት፣ ውሃም አላጓደልኩበትም። ከአራት ወር በኋላ አወጣሁት። ጭቃውን ሳጥበው ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይነበባል። እንዲህ ያለው ፌስታል እውነተኛ የሆነው እንኳ አብዛኛው የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚሞቅ የፋብሪካ ብስባሽ ማዘጋጃ ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ ያ ሙቀት ከየት ይመጣል? ከተራ ፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ያንኛውንም ያበላሻል።

ውሉን በደንብ ያነበብኩት ለማቋረጥ ስሞክር ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ውሉ ዓመት ሲሞላው በራሱ ይታደሳል፤ እንዳይታደስ ከፈለግኩ ከ60 ቀን በፊት በአደራ ደብዳቤ ማሳወቅ አለብኝ። ሁለተኛው፣ የተሰበሰበው ቆሻሻ የሚሄድበትን ቦታ «ድርጅቱ በራሱ ይወስናል» ይላል። ሪሳይክል የሚል ቃል ውሉ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ የለም። በቃል የተነገረኝ ሁሉ በቃል ቀረ።

ስለዚህ በር ላይ ሲመጡባችሁ ውሉን ተቀብላችሁ «አንብቤ ነገ እደውላለሁ» በሉ። ቅናሹ ዛሬ ያበቃል ካሏችሁ ይብቃ። ቆሻሻው የሚደርስበትን ጣቢያ ስም በጽሑፍ ጠይቁ። ባጁን ፎቶ አንሱት።

የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ፊርማው ያለበትን ቀን አሁኑኑ እዩ። በብዙ አገሮች በር ለበር የተሸጠ አገልግሎትን ያለ ምክንያት መሰረዝ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት 14 ቀን አለ፤ በአሜሪካ 3 የሥራ ቀን። እናንተ ጋ ስንት ቀን እንደሆነ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ይነግራችኋል። ስረዛውን በስልክ አታድርጉት፤ በጽሑፍ ላኩና ቅጂውን ያዙ። እኔ ይህን መብት የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።