እናቴን ይዤ ቀይ ሽብር ሙዚየም ገባሁ

መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ከተከፈተ ጀምሮ በደጁ ሳልፍ ነው የኖርኩት። የገባሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ እናቴን ይዤ። በ1966 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

መግቢያ አይከፈልም፤ የፈቀደ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባል። አደራችሁን ብቻችሁን አትዙሩ፣ አስጎብኚ ጠይቁ። እኛን ያስጎበኙን ራሳቸው ታስረው የተረፉ ሰው ናቸው። እናቴ "ጋሼ፣ እዚች ጋ ትንሽ እንቁም" ስትላቸው ሳይቸኩሉ ይቆሙላታል።

ብዙ ሰው ወደ አፅሙና ወደ ግርፋቱ መሣሪያ ይጣደፋል። እኔ ግን የአብዮቱ ፎቶዎች ጋ ቆዩ እላለሁ። እማዬ አንደበቷ የተፈታው እዚያ ነው። የካቲት ላይ ቤንዚን ተጨመረ ብለው ታክሲዎች ሲያቆሙ፣ መምህራኑ ሲያድሙ፣ እነሱም ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ፤ ሁሉን ትናንት እንደሆነ አወራችልኝ። ተማሪው በ1957 "መሬት ለአራሹ" ብሎ አደባባይ መውጣቱን፣ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 መገደሉን እኔ ትምህርት ቤት በግማሽ ገጽ ነው ያለፍኩት። እነዚያ ልጆች ምን ጠይቀው እንደሞቱ ካላወቅን የአፅሙ ክፍል አስፈርቶን ብቻ ይሸኘናል።

የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 የአብዮቱ ጠላቶች ደም ይፈሳል ለማለት ደም የመሰለ ነገር የሞላበትን ጠርሙስ የሰበረው እዚሁ ደጁ ላይ፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በተባለው ቦታ ነው። ስትወጡ አደባባዩን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።

የሟቾቹ ፎቶ ያለበት ግድግዳ ጋ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ጉርድ ፎቶ ነው አብዛኛው፤ ለመታወቂያ የተነሱት። አፍሮ ጠጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ አንዳንዱ ገና ጢም ያላበቀለ። እናቴ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ወንድሟን ፈልጋ አጣችው። ያኔ ማልቀስ ተከልክሎ ስለነበር አያቴ በር ዘግታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው።

ትናንሽ ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ሰዓት ያህል ያዙለት፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።

ልንወጣ ስንል እማዬ ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ጉርድ ፎቶ አወጣች። መያዟን እንኳ አልነገረችኝም ነበር። "ጋሼ፣ ይቺን ለማን ልስጥ?" አለቻቸው።