ከጅማ የሚሸጠው የሦስት ቀን የሮም ጉዞ፦ ቪዛው ጥሩ፣ መርሐ ግብሩ ደካማ

የጉዞ ወኪሉ በቪዛ ዝግጅት ጎበዝ ነው፤ ለሸንገን (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የሚጠየቀውን የ30,000 ዩሮ የሕክምና መድን ሽፋን ሳይዘነጋ አካቷል። መርሐ ግብሩ ግን መታረም አለበት። የቫቲካን ሙዚየምን እሑድ ላይ አድርጎታል፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር ዝግ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ ይረዝማል። የኮሎሲየም (የጥንቱ የሮም ትርዒት ማሳያ) ቲኬት የተጓዡ ስም ስላለበት ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ።

ትልቁ ጉድለት ምግቡ ላይ ነው። ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የተባሉት የሮም ፓስታዎች የሚሠሩት በአሳማ ጉንጭ ሥጋ ነው፤ ተጓዡ ሙስሊምም ሆነ ኦርቶዶክስ ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ካቾ ኤ ፔፔ ሥጋ የለውም፤ ፓስታው በአይብና በቁንዶ በርበሬ ይሠራል። ለጾመኛ ፒዛ ማሪናራ ይሻላል፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት፣ ያለ አይብ። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆመው ቢጠጡ ይረክሳል፤ ከተቀመጡ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል።