የጥርስ ልክ መውሰጃ ሲሊኮን፦ ለበግና ለፍየል ጥርስ ጭረት ጥናት

ከኮምቦልቻ ቄራ በሚገኝ የበግና የፍየል መንጋጋ ላይ የአመጋገብ ምልክት ለማንበብ፣ የጥርስ ሐኪሞች ልክ የሚወስዱበት ቀጭኑ ቪኒል ሲሊኮን ከሁሉ ይሻላል። በዓይን የማይታየውን ጭረት ሳይቀር ይቀዳል። አልጂኔት የተባለው ሌላው የጥርስ ልክ መውሰጃ ርካሽ ቢሆንም ውሃው ሲተን ስለሚኮማተር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛውን የላይኛው መንጋጋ ጥርስ አሴቶን በነካ ጥጥ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል፤ በብረት መፋቅ አዲስ ጭረት ይፈጥራል። የመጀመሪያው ልክ ቆሻሻውን ይዞ ስለሚወጣ ይጣል፤ የሚሠራበት ሁለተኛው ነው። የላቴክስ ጓንት ፈጽሞ አይደረግ! ሰልፈሩ ሲሊኮኑን እንዳይጠነክር ያደርገዋል፤ ናይትራይል ይሁን። በደሴ ብርዳም ጠዋት መጠንከሩ ይዘገያል፣ ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ላይ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በጥፍር ጫን ብሎ ማረጋገጥ ነው። የጥርሱ ቅጂ የሚሠራበት ፈሳሽ ሙጫ፣ ኢፖክሲ፣ በልኩ ውስጥ ቶሎ ከፈሰሰ ከሲሊኮኑ የሚወጣው ጋዝ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው በጥርሱ ላይ ያለ ጉድጓድ መስሎ ቆጠራውን ያበላሻል። ልኩን አንድ ቀን አሳድሮ ማፍሰስ ይሻላል።

ቅጂው በ35 እጥፍ ማጉሊያ፣ ጎኑ 0.4 ሚሊሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ይቆጠራል። ሣር የሚግጥ እንስሳ ጭረቱ ይበዛል፤ ቅጠል የሚቀነጥብ ያንሰዋል፤ ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር ጉድጓድ ይበዛበታል። ምልክቱ የሚናገረው ግን የመጨረሻዎቹን ቀናት ወይም ሳምንታት መኖ ብቻ ነው፤ አቧራም ይጭራል፣ የበጋ መንጋጋ ከክረምቱ ጋር አይደባለቅ።

ቅር የሚያሰኘው ሁለቱን የሲሊኮን ክፍሎች እያቀላቀለ የሚያወጣው የማደባለቂያ ጫፍ ነው፤ አንዴ ካገለገለ ይጣላል፣ በውስጡ የቀረው ሲሊኮንም አብሮ ይባክናል።